ግንዱ ይቁም ወይስ ይጋደም?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ ወይም በሆለታ በኩል ቦታ ያላቸው ሰዎች አሁን አሁን የእንጨት ቤት ያምራቸዋል። ምኞቱ የሚመጣው ከስልክ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ፎቶ ይልካል። ወፋፍራም ግንዶች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው፣ ጥግ ላይ ተቆላልፈው፣ ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ። ቤተሰቡ ስልኩን እየተቀባበለ ያያል። ከዚያ በኋላ ክርክር ነው።

የማውቀው አንድ የሱሉልታ ቤተሰብ ሰሞኑን እዚህ ክርክር ውስጥ ገብቷል። አባት ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሳሎን ይፈልጋሉ። እናት ስለ ማድ ቤቱ ነው የሚጨነቁት። ልጆቹ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ይሠራልን ብለዋል። አያት ብርድ አይግባብኝ እንጂ ሌላው የእናንተ ነው ይላሉ። የሁሉም ምኞት ልክ ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ችግር አለ። ከክፍሎቹም፣ ከቆጡም፣ ከበረንዳውም በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ግንዱ ይጋደማል ወይስ ይቆማል? መልሱ የመስኮቱን አሠራር፣ የደረጃውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቦታ፣ የእንጨቱን ዓይነት ሳይቀር ይወስናል።

ለምን? እንጨት ሲደርቅ ይከሳል እንጂ አያጥርም። ግንድ ማለት እንደ ስንደዶ እስር ነው፤ ቀጫጭን ቱቦዎች ከሥር እስከ ጫፍ ተደርድረው አንድ ላይ የታሰሩበት። ዛፉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው በቱቦዎቹ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ የብዙዎቹ ዛፎች ግንድ ብዙም አይለወጥም። የእርጥበቱ መጠን ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 30 በመቶ ገደማ ደርሶ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ውሃው ከቱቦዎቹ ግድግዳ ራሱ መውጣት ይጀምራል። ያኔ እያንዳንዱ ቱቦ ይቀጥናል። ርዝመቱ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ግንዶቹን አጋድማችሁ ደርድሯቸው። እያንዳንዱ ግንድ ትንሽ ትንሽ ሲከሳ ጠቅላላው ግድግዳ ዝቅ ይላል። ይህን ሥራ በሰሜን አሜሪካና በስካንዲኔቪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች እርጥብ ግንድ ሲጠቀሙ ከግድግዳው ከፍታ እስከ 6 በመቶ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አስበው ነው የሚነሡት። ግድግዳችሁ 2.70 ሜትር ከሆነ 16 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ያውም ቤቱ አልቆ፣ ሰው ገብቶበት፣ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ።

16 ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በርና መስኮት ከበላያቸው ክፍት ቦታ ካልተተወላቸው ግድግዳው ይጫናቸዋል፤ በሩ አልከፈት ይላል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። መቃኑም ከግንዶቹ ጋር በሚስማር ሊመታ አይገባም። ግንዶቹ ጎናቸው ላይ በተቆፈረ ቦይ እየተንሸራተቱ እንዲወርዱ ይደረጋል። በረንዳውን የያዙት ቋሚዎች ደግሞ ቁመታቸው ስለማይቀንስ ግድግዳው ሲወርድ እነሱ ጣሪያውን ከፍ አድርገው እንደያዙት ይቀራሉ። ስለዚህ ከየቋሚው ሥር የሚጠመዘዝ ክሪክ ይገባና በየጊዜው ዝቅ ይደረጋል። ደረጃውም እንዲሁ ነው፤ የላይኛው ወለል ሲወርድ መርገጫዎቹ ይዘማሉ። የውሃ ቱቦ፣ የጭስ ማውጫ፣ በብሎኬት የተገነባ መታጠቢያ ቤት፣ ሁሉም የማይወርዱ ነገሮች ናቸው። የማይወርድ ነገርና የሚወርድ ግድግዳ አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ይሰብራል።

ይህ ሁሉ መፍትሔ አለው። በውጭ አገር በመቶዎች ዓመታት የተፈተነ መፍትሔ ነው። ግን መፍትሔው የሚያውቀው አናጢ ይፈልጋል። ፎቶውን አይቶ «ይህማ ምን አለው፣ እሠራዋለሁ» የሚል አናጢ በየሰፈሩ አለ። ከመቃኑ በላይ ለምን ክፍት ቦታ እንደሚተው ጠይቁት። ካላወቀ ጎበዝ በር ሠሪ ሊሆን ይችላል፤ የተጋደመ ግንድ ቤት ግን አትስጡት።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ መጥቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከተተከለ ወዲህ ከተማዋ በሱ ማገዶ ኖራለች፣ በሱ ቋሚና ማገር ቆማለች። የዚህ ቤተሰብ ግቢ ጀርባም ባሕር ዛፍ አለ። አባት «እንጨቱ በነፃ አለን» የሚሉት እሱን ነው።

ነገር ግን ነጭ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ከሚኮማተሩት እንጨቶች አንዱ ነው። በዙሪያው አቅጣጫ የሚያጣው ስፋት ከ10 በመቶ ያልፋል። ዛፉ በቁሙ እያለ ውስጡ ትልቅ ውጥረት ስላለ ገና ሲወድቅ ጫፉ ይተረተራል። ቃጫውም ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ ነው የሚያድገው፤ ሲደርቅ ግንዱም አብሮ ይጠማዘዛል። አጠና የጫነ አይሱዙ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እንዲህ ያለውን ግንድ አጋድሞ መደርደር ማለት ለዓመታት የሚንቀሳቀስ ግድግዳ መሥራት ነው። ከላይ ያልኩት 6 በመቶ ደግሞ የጥድ ዓይነት ለስላሳ እንጨት ታስቦ የወጣ ልክ ነው። ለባሕር ዛፍ ከዚያም በላይ ማሰብ ይሻላል።

የፈረንጅ ጽድ ሌላ ነገር ነው። ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ቀላል ነው፣ ሲደርቅም የሚያጣው ትንሽ ነው። በሻሸመኔና በመናገሻ በኩል ለጣውላ ተብሎ በተተከለ ደን ውስጥ በብዛት አለ። ግንድ ማጋደም ግድ ነው ካላችሁ በሱ አጋድሙ። የአበሻ ጽድማ ምስጥም ብስባሴም በቀላሉ አይደፍረውም፤ አጥር ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆሞ የሚቀረው እሱ ነው። ግን አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ተመናምኗል፣ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። «ወረቀት አለኝ» ያለ ነጋዴ ሁሉ ወረቀት የለውም፤ ቀድማችሁ እዩት። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የአበሻ ጽድ ቋሚ ካገኛችሁ ግን ሳትከራከሩ ግዙት። ደርቆ፣ ተንቀሳቅሶ፣ ጨርሶ የተቀመጠ እንጨት ነው።

እኔን የሚጠይቀኝ ካለ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በባሕር ዛፍ፣ ግንዱ ይቁም ነው የምለው። የቆመ ግንድ ይከሳል እንጂ ስለማያጥር ግድግዳው አይወርድም። ጣሪያው ባለበት ይቆያል። ደረጃው፣ ቱቦው፣ የብሎኬት መታጠቢያ ቤቱ፣ የበረንዳው ቋሚ፣ ሁሉም ተስማምተው ይኖራሉ። የአገራችን የጭቃ ቤት ቋሚውን የሚያቆመው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። እንጦጦ ላይ ያለው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቷል። ቋሚ ማቆም፣ ማገር መምታት፣ ወራጅ ማውጣት የሚያውቅ አናጢ ደግሞ ሞልቷል።

መልኩስ? እዚህ ላይ ነው ልጆቹ ያኮረፉት። «ፎቶው ላይ ያለው አይመስልም» አሉ። እውነት ነው፣ አይመስልም። ግን ጎን ለጎን የቆሙ፣ የተላጡ፣ እኩል ውፍረት ያላቸው ግንዶች በራሳቸው ያምራሉ። ለዓይን ደግሞ ባዳ አይደሉም።

የቆመ ግንድ ሦስት ድካም አለው። አንደኛውና ዋናው እግሩ ነው። ቱቦዎቹ ወደ ታች ክፍት ስለሆኑ ግንድ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል ውሃ የሚጠጣው በብዙ እጥፍ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቋሚ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ እርጥበትም አየርም እዚያ ይገናኛሉና። ዶርዜ ላይ የቀርከሃ ቤቱ እግሩ በተበላ ቁጥር ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። የዶርዜ ቤት ግን ሲጀመር እስከ 12 ሜትር ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከ2.70 ላይ የሚቀነስ የለም።

ስለዚህ እንጨት መሬት አይንካ። በጥቁር ድንጋይ የተገነባ መሠረት ከመሬት ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በላዩ የብረት ማሰሪያ ያለው ቢም ይፍሰስ። ከቢሙና ከእንጨቱ መሐል ካትራሜ የተቀባ ንጣፍ ይግባ። ቋሚው ከቢሙ ጋር በብረት ጫማና በብሎን ይያዝ። የብረት ጫማው እግሩን ከኮንክሪቱ ትንሽ ያነሣዋል፤ ንፋስ ጣሪያውን ሲጎትተውም ይይዘዋል። የእንጨት ቤት ቀላል ስለሆነ በክብደቱ ብቻ ተማምኖ አይቆምም።

የአፈሩም ነገር አለ። በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳ ላይ ያለው አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሠረቱ ቢቀጥን ምን አለበት የሚል ሰው ይመጣል። ተገላቢጦሽ ነው። ዋልካ ቀላል ቤትን ነው በቀላሉ የሚያነሣው። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፣ ቦታው በማያብጥ ሙሌት፣ በሰሌክት ይሞላ፣ በደንብ ይጠቅጠቅ። ግድግዳው እንጨት ሆነ ተብሎ መሠረቱ አይረክስም። ጣሪያውም እንዲሁ። ብዙ ሰው በጀቱ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ድካም ክፍተት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ 6 በመቶ ቢከሳ ከጎረቤቱ ግንድ ጋር 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። በዚያ የሚገባው የሱሉልታ የኅዳር ብርድ አያትን ያስነሣል። በሁለቱም ግንዶች ጎን ቦይ ተቆፍሮ ቀጭን ጣውላ መሐላቸው ይግባ። ጣውላው በአንዱ ግንድ ላይ ብቻ ነው የሚመታው። በሁለቱም ላይ ከተመታ ግንዶቹ ሲለያዩ እሱ ይሰነጠቃል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ማገር መትቶ በጭድ የተቦካ ጭቃ መለሰን ይቻላል። ከውጭ ግንድ፣ ከውስጥ ለስላሳ ነጭ ግድግዳ። እናት ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ግንድ ላይ አቧራ ሲጠርጉ መኖር አልፈለጉም ነበር።

ሦስተኛው ወደ ጎን መዝመም ነው። ቋሚ ብቻ የተደረደረበት ግድግዳ ማገር እንደሌለው አጥር ወደ ጎን ሊተኛ ይችላል። በየጥጉ ሰያፍ ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ከጥግ ወደ ጥግ የሚወጣ ወፍራም ሞራሌ፣ በብሎን የታሰረ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲያወዛውዘን ነበር። እንጨት ቀላልና ተለጣጭ ስለሆነ ለመንቀጥቀጥ ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው ካለ ብቻ።

ጣሪያው ላይ ስንመጣ የመጀመሪያው ጉዳይ ወጣ ብሎ መዘርጋቱ ነው። ከግድግዳው ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ክረምቱን ሙሉ ግንዱን ይጠብቀዋል። 30 ሴንቲ ሜትር ለብሎኬት ቤት ይበቃ ይሆናል፤ ለግንድ አይበቃም። አሸንዳው የሰበሰበውን ውሃ ከመሠረቱ አርቆ ይጣለው። ዝናብ በብዛት ከየት እንደሚመታ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። በአካባቢው ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት ፈልጉና ምርጊቱ የታጠበው በየትኛው ጎን እንደሆነ እዩ። በረንዳው በዚያ በኩል ይሁን።

ፀሐይንም አስቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ብርዱ በሚጠናበት ጊዜ፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ የሳሎኑና የአያት ክፍል ትልልቅ መስኮቶች ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይሁኑ። ኮንክሪት ከእንጨት ይልቅ ሙቀትን ዐሥር እጥፍ ገደማ ያሳልፋል፤ ስለዚህ የግንድ ግድግዳ ራሱ ብርድ አያስገባም። ሙቀቱ የሚያመልጠው በክፍተቱና በጣሪያው ነው። ባዶ ቆርቆሮ ማታ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው የቤቱ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሰው ጣሪያው የሚያፈስ ይመስለዋል። ኮርኒስ ይሠራ፣ በላዩ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ንጣፍ ይደረግ፣ ከንጣፉና ከቆርቆሮው መሐል አየር የሚያልፍበት ቦታ ይተው። የበረዶው ጩኸትም ይቀንሳል።

ከዚህ ተነሥተን የልጆቹን ቆጥ ብናየው፣ በቆመ ግንድ ቤት ቆጡ ይቻላል። ግን ቆጥ ያለበት ቤት ጠፍጣፋ ኮርኒስ ስለማይኖረው ንጣፉ በወራጆቹ መሐል ነው የሚገባው፤ ሥራውም ዋጋውም ይጨምራል። ያለሱ ቆጡ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ቤት ነው። ቤተሰቡ ይህን ገና አልወሰነም።

ማድ ቤቱን ግን ወስኗል፤ እናት አሸነፉ። የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት ለእንጨት ቤት ከዝናብ አይተናነስም። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው። በየሁለት ቀኑ እንጀራ የሚጋገርበት፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ጥጉ ውስጥ እዚያ ሊደርስ ይችላል። መጋገሪያው በብሎኬት ተሠርቶ ከቤቱ ትንሽ ወጣ ይበል፣ በተሸፈነ መተላለፊያ ይገናኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚስብ የራሱ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በእንጨት ላይ ራቁቱን አይሄድም፤ በቱቦ ውስጥ ይሂድ።

እሳት ሲነሣ ሰው ሁሉ ግንዱ ይቃጠላል ብሎ ይፈራል። ወፍራም ግንድ ቶሎ አይቃጠልም። ከላዩ ከሰል ሆኖ ያንኑ ከሰል ጋሻ አድርጎ በደቂቃ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው የሚበላው። አደጋው መጋረጃው፣ ስስ ጣውላው፣ ሽቦው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ክፍተቱ በደንብ በተደፈነ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ብርድ ለሚፈሩት አያት ይህን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ካልሆነም ከሥሩ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ይሁን፣ መስኮት ይከፈት።

ስለ ተባይ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ርካሽም ነው። ግን ከላይ ቀርቶ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ይሸታል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ ለእሳትም ያመቻል። ለአጥር ይሁን፤ ለሰው መኖሪያ አይሁን። ለውስጥ ግድግዳና ለጣሪያ እንጨት በውሃ የተበጠበጠ ቦራክስ ነቀዝንም ሻጋታንም ይከላከላል። ዝናብ ያጥበዋልና ለውጭ አይሆንም። መሠረቱ ላይ ለሚያርፈው እንጨት ግን እንደ መብራት ምሰሶ በግፊት መድኃኒት የገባበትን ግዙ። ፍቅፋቂውን ምድጃ ውስጥ አትክተቱ፤ ብዙ ጊዜ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት። ውጭውን ደግሞ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አትሸፍኑ። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ይልጠዋል፣ ከሥሩ ውሃ ይገባል። ቀለም ያለበት፣ ወደ እንጨቱ የሚገባ ዘይት ይሻላል፤ በየጥቂት ዓመቱ መድገም አለበት።

ፈቃዱን ከሚመለከተው ጠይቁ። ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ከ2015 ጀምሮ በኦሮሚያ ሥር ባለው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሚሰጣችሁ ነገር የለም። «እንጨት ነው፣ ጊዜያዊ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ካርታውን፣ ፕላኑንና የመሐንዲሱን ስሌት ይዛችሁ ቅረቡ።

ዛፉ የሚቆረጠው ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ቅርፊቱ እርጥብ ሳለ ወዲያው ይላጥ፣ ጫፎቹ በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ይዘጉ፤ መተርተሩን ይቀንሰዋል። በአንድ ጎኑ ርዝመቱን ተከትሎ እስከ ልቡ የሚደርስ የመጋዝ መስመር ቢወጣለት ስንጥቁ እዚያው ይሆናል፤ ያ ጎን ወደ ውስጥ ይዞራል። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ መሐሉ አየር እያገኘ፣ በጥላ ሥር እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይቆይ። ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ ትልቁን እንቅስቃሴ ግን እዚያ ይጨርሳል። በዚህ መሐል መሠረቱ ተሠርቶ አንድ ክረምት ያሳልፍ። ከዚያ ዋና ዋናዎቹ ቋሚዎች ይቆማሉ፣ ጣሪያው ይለብሳል፣ ግድግዳው ከጣሪያው ሥር በደረቁ ይሞላል። በተጋደመ ግንድ ይህ አይቻልም፤ ጣሪያው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በረንዳው ለከርሞ በጋ ቢተርፍ ምንም አይደለም። ቆርቆሮው ግን ከግንቦት ማለፍ የለበትም።